የዳላሱ ምንሽር

ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ ኅዳር 12 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 22 ቀን 1963። በዳላስ ከተማ፣ በኤልም ጎዳና ዳር በቆመ የመማሪያ መጻሕፍት መጋዘን ስድስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ሰዎች በካርቶን ክምር መካከል ይሽሎከለኩ ነበር። ሠራተኞች ወለሉን በአዲስ እንጨት እያነጠፉ ስለነበር በመጻሕፍት የታጨቁት ካርቶኖች ወደ አንድ ወገን ተገፍተው ተደራርበዋል፤ በመካከላቸው ሰው በጎኑ ካልሆነ አያልፍም። ምክትል ሸሪፉ ዩጂን ቡን ከላይ ከላይ ያያል። ሲሞር ዋይትስማን የተባለው የሕግ አስከባሪ ደግሞ ወደ ወለሉ ጎንበስ ብሎ ሥር ሥሩን ይፈትሻል።

ከሃምሳ ሁለት ደቂቃ በፊት፣ ልክ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከዚሁ ሕንጻ ሥር በክፍት መኪና ያልፉ የነበሩት ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ. ኬኔዲ በጥይት ተመትተዋል። ሰባት ሰዓት ላይ ሐኪሞች ሕይወታቸው ማለፉን አረጋግጠዋል። በዚያው ፎቅ በደቡብ ምሥራቁ መስኮት ሥር ሦስት ባዶ ቀለሆች ወድቀው ተገኝተዋል። የተተኮሰበት መሣሪያ ግን የለም።

ሰባት ሰዓት ከ22 ደቂቃ ላይ፣ በሰሜን ምዕራቡ ማዕዘን ከደረጃው አጠገብ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው ሁለቱም በአንድ ጊዜ አዩት። በካርቶኖቹ መካከል ጠመንጃ ተወሽቋል።

ማንም አልነካውም። የነፍስ ግድያ ምርመራ ኃላፊው ሻምበል ዊል ፍሪትዝና የወንጀል ቴክኒክ ባለሙያው ሌተና ጄ. ሲ. ዴይ ተጠሩ። ዴይ በመጀመሪያ መሣሪያውን ባለበት ፎቶ አነሣው። ከዚያ እንጨቱን አየ፤ ሻካራ ነበር፣ የጣት አሻራ የሚይዝ አይመስልም። እዚያው ላይ ይዞ በጥንቃቄ አነሣው። ሻምበሉ መቀርቀሪያውን ወደ ኋላ ሲስበው አንድ ያልተተኮሰ ጥይት ዘሎ ወጣ። በዚያ ክፍል ከነበሩት ሰዎች አፍ ግን ከጥይቱ ቀድሞ አንድ ስም ወጥቶ ነበር፤ ያ ስም ለብዙ ዓመታት የሚመለስ አልሆነም።

“ማውዘር” አሉት።

ዋይትስማን ቀደም ሲል በስፖርት ዕቃ ንግድ ውስጥ የሠራ፣ ለጠመንጃ ባዕድ ያልሆነ ሰው ነበር። በማግስቱ በመሐላ በሰጠው ቃል ጭምር መሣሪያውን 7.65 ማውዘር ሲል ገለጸው። ቡንም እንዲሁ መስሎት ነበር። የዳላስ ዓቃቤ ሕግ በዚያ ምሽት ለጋዜጠኞች ሲናገር ይኸንኑ ስም ደገመው። ራዲዮና ቴሌቪዥኑ ደግሞ አንዴ ማውዘር፣ አንዴ የእንግሊዝ ኤንፊልድ እያለ የሰማውን ሁሉ አሰራጨ።

በእነዚህ ሰዎች መፍረድ አይገባም። ሰባት ሚሊ ሜትር ተኩል በማይሞላ የጥይት ውፍረት ላይ ተመሥርቶ ሳይሆን በዓይን ቅኝት ብቻ የተሰጠ ስም ነበር፤ ዓይን ደግሞ የሚያየው ቅርጽን ነው። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ገበያ እንደ ልብ ከሚገኙት ከጦርነት የተረፉ መሣሪያዎች አንዱ የ1891 የአርጀንቲና ማውዘር ነበር፤ ጥይቱ 7.65 ነው፤ ካዝናው ከምላጩ ፊት ለፊት ከእንጨቱ ወጥቶ ወደ ታች ይንጠለጠላል። በካርቶኖቹ መካከል የተገኘውም ካዝናው እንዲሁ ወጥቶ ይታያል። ሁለቱን በአንድ ክፍል ርቀት ላይ ቆሞ ያየ ሰው ቢሳሳት አያስደንቅም። ያሳሳተውን ቅርጽ የሚያርመው ሌላ ነገር ነበር፤ እሱም በብረቱ ላይ በደቃቅ ፊደል ተመትቶ ይጠብቅ ነበር።

ሌተና ዴይ መሣሪያውን ይዞ ወደ ፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ ሄደ። ብርሃን ወዳለበት አመጣውና ማንበብ ጀመረ። ከማነጣጠሪያው አጠገብ “ካል. 6.5” የሚል ነበር። “ሜድ ኢታሊ” የሚል ነበር። 1940 የሚል ዓመት ነበር። የዘውድ ምልክትና “ቴርኒ” የሚል የከተማ ስም ነበር። ከእነዚህም ጋር አንዲት የላቲን ፊደልና አራት አኃዝ፦ ሲ2766።

ማውዘር የሚል ቃል በአንዱም ቦታ የለም።

ይህን ጠመንጃ አንድ የኢትዮጵያ ገጠር ሽማግሌ ቢያየው ኖሮ ምን ይለው እንደነበር ሳስብ ልቤ ይነካል። የእኛ የጠመንጃ ስሞች የባዕድ ስም በአገር ልጅ አፍ ተሞርዶ የወጡ ናቸው። ፈረንሳዮች ፊዚ ግራ ያሉት እኛ ዘንድ ውጅግራ ሆነ፤ ከቤልጅግ የመጣው ራሱ ቤልጅግ ተባለ፤ ኦስትሪያዊው ፈልሳሚ ማንሊከር ደግሞ ስሙን ለምንሽር ሰጠ። በዳላስ የተገኘው መሣሪያ በቱሪን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ በሳልቫቶሬ ካርካኖ ተነድፎ በ1891 የጸደቀው የጣልያን እግረኛ ጦር ጠመንጃ ዘር ነው። መቀርቀሪያው ከማውዘር አሠራር የተቀዳ ነው፤ ጥይት አጎራረሱ ግን የማንሊከር ነው። ስድስት ጥይት የታቀፈ የብረት ማቀፊያ እንዳለ ወደ ካዝናው ይገባል፤ የመጨረሻው ጥይት ሲጎርስ ባዶው ማቀፊያ ከታች በተተወለት ቀዳዳ ይወድቃል። ስለዚህ ዓለም ማንሊከር-ካርካኖ ይለዋል። በ1928 ዓ.ም. የፋሽስት ጦር ወደ አገራችን ሲገባ እግረኛው በትከሻው ያነገበው የዚህን ጠመንጃ ታላላቅ ወንድሞች ነበር። የአርበኛ ልጅ በዚያ ክፍል ቢኖር ማውዘር ከማለቱ በፊት ቆም ይል ነበር ብዬ አምናለሁ።

የማውዘር ነገር በካዝናው ብቻ አልነበረም የሚለየው። በካርካኖ የመቀርቀሪያው እጀታ የሚያርፈው መቀርቀሪያው ከሚንሸራተትበት የብረት ድልድይ ፊት ነው፤ ድልድዩ ከላይ የተሰነጠቀው እጀታው እንዲያልፍበት ነው። በማውዘር እጀታው ከድልድዩ ጀርባ ነው። የካርካኖ ካዝና ከታች ቀዳዳ አለው፤ የማውዘሩ የለውም። ይህን ለማየት ግን ጠመንጃውን እጅ ላይ ይዞ ማገላበጥ ያስፈልጋል፤ በስድስተኛው ፎቅ ላይ ያንን ለማድረግ ማንም መብት አልነበረውም።

አሁን ስሙ ታወቀ። ጥያቄው ግን ገና መጀመሩ ነበር፤ ጠመንጃው የማን ነው?

በዚያ ሰዓት ፖሊስ አንድ ሰው ይዟል። ሊ ሃርቪ ኦስዋልድ የተባለ የሃያ አራት ዓመት ወጣት፣ በዚያው መጋዘን የሚሠራ፣ ከሰባት ሰዓት ተኩል በኋላ በአንድ ሲኒማ ቤት ውስጥ ተይዞ ነበር። እሱ ጠመንጃ የለኝም ይላል። ጠመንጃው ደግሞ አይናገርም። የሚናገር ነገር ካለ ያ ቁጥር ብቻ ነው።

ቁጥሩም ቢሆን በቀላሉ የሚነበብ አልነበረም። በጣልያን ይህን ጠመንጃ የሚሠራ ፋብሪካ አንድ ብቻ አልነበረም፤ ሙሶሊኒ ብዙ ፋብሪካዎችን አሠማርቶ ነበር። እያንዳንዱ ፋብሪካ በየራሱ ይቆጥራል፤ አንዳንዱ ከቁጥሩ በፊት ፊደል ያኖራል፣ አንዳንዱ አያኖርም። ስለዚህ አንድ ቁጥር በተለያዩ ፋብሪካዎች በተሠሩ ጠመንጃዎች ላይ ሊደገም ይችላል። 2766 ብቻውን ምንም አይደለም። ሲ2766 ጥሩ ነው፤ ግን አይበቃም። ሲ2766፣ ቴርኒ፣ 1940፣ 6.5 ሲባል ግን ከተመሳሳዮቹ መካከል አንዱን በጣት መጠቆም ይቻላል።

ከእነዚህ ምልክቶች ውስጥ 6.5 እና 1940 እርስ በርስ የሚመሰካከሩ ናቸው። ጣልያን በ1938 የጠመንጃዋን ጥይት ወደ 7.35 ለማሳደግ ወስና አጫጭር አዳዲስ ጠመንጃዎች መሥራት ጀምራ ነበር። ጦርነቱ ደረሰባት። ሁለት ዓይነት ጥይት ለአንድ ሠራዊት ማቅረብ ጭንቅ ሆነ፤ በ1940 ወደ ቀድሞው 6.5 ተመለሰች። አጭሩ ቅርጽ ቀረ፣ አሮጌው ጥይት ተመለሰ። በመሣሪያው ላይ መጠኑ በግልጽ መመታቱም ወታደሩ ያንዱን ጥይት ለሌላው እንዳያጎርስ ይረዳዋል። በዴይ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው፣ ርዝመቱ 102 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነው ጠመንጃ፣ የዚያ የመመለሻ ዓመት ልጅ ነበር።

የኤፍ ቢ አይ ሠራተኞች በዳላስ ከተማ የጠመንጃ መሸጫ ሱቆችን መጠየቅ ያዙ። የማታ ማታ ዕድል ቀናቸው። እንዲህ ያሉ የጣልያን 6.5 ጠመንጃዎችን በጅምላ የሚያከፋፍል በኒው ዮርክ ክሬሰንት ፋየርአርምስ የተባለ ድርጅት እንዳለ ከነጋዴዎቹ ተረዱ። ወደ ኒው ዮርክ ተደወለ። በዚያው ምሽት የድርጅቱ መዝገብ ተገለበጠ። ሲ2766 እዚያ ተጽፏል፤ ቺካጎ ለሚገኝ ክላይንስ ለተባለ የስፖርት ዕቃ መደብር ተልኳል።

ቺካጎ ውስጥ ከምሽቱ አራት ሰዓት ነበር። የመደብሩ ኃላፊዎች ከየቤታቸው ተጠርተው መጡ። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ዊልያም ዋልድማንና ባልደረባው መዝገብ ፊት ተቀመጡ።

ክላይንስ በፖስታ የሚሸጥ መደብር ነበር። ደንበኛው ከመጽሔት ላይ ኩፖን ቆርጦ፣ ገንዘቡን በሐዋላ አድርጎ ይልክ ነበር፤ ጠመንጃው በፖስታ ይደርሰው ነበር። የመጣው ትእዛዝ ሁሉ በማይክሮፊልም ይነሣ ነበር፤ ወረቀቱ ከዚያ በኋላ አይቀመጥም ነበር። እንግዲህ አንድ ሰው ሲ2766ን ገዝቶ ከሆነ፣ የገዛበት ወረቀት አሁን የለም፤ ያለው የጣት ጥፍር የማታክል ምስል ናት፤ እሷም ከብዙ እንዲህ ያሉ ምስሎች ጋር በፊልም ጥቅል ላይ ተጠቅልላለች።

ከክሬሰንት የመጡት ጠመንጃዎች መቶ ነበሩ፤ ለእያንዳንዱ መደብሩ የራሱን ቁጥር ሰጥቶታል። ለሲ2766 የተሰጠው ቪሲ 836 ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ዓይን የሚያደክም ሥራ ነበር፤ ፊልሙን በማሳያው ማሽን እያዞሩ፣ ትእዛዝ ከትእዛዝ እየለዩ፣ ቁጥር ማየት። አምስት ሰዓት አለፈ። እኩለ ሌሊት አለፈ። ከውጭ ያለው አገር በሙሉ እንቅልፍ አጥቶ በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጧል። ስምንት ሰዓት። ዘጠኝ ሰዓት።

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ሲሆን አገኙት።

ሲ2766፣ ቪሲ 836። በማርች 20 ቀን 1963 የተላከ። የተላከለት ሰው፦ ኤ. ሂደል። አድራሻ፦ የፖስታ ሳጥን ቁጥር 2915፣ ዳላስ፣ ቴክሳስ።

ትእዛዙ የደረሰው በማርች 13 ነበር፤ ኩፖኑ የተቆረጠው ከአሜሪካን ራይፍልማን መጽሔት የፌብሩዋሪ 1963 ዕትም ነው። ዋጋው ከነመነጽሩ 19 ዶላር ከ95 ሳንቲም፤ ለመላኪያና ለአያያዝ 1 ዶላር ከ50 ተጨምሮ በጠቅላላው 21 ዶላር ከ45 ሳንቲም። ያለ መነጽሩ 12 ዶላር ከ78 ነበር። በዳላስ ደግሞ የተያዘው ወጣት ቦርሳ ውስጥ የእርሱ ፎቶ የተለጠፈበት፣ ስሙ ግን አሌክ ጄ. ሂደል የሚል የሐሰት መታወቂያ ተገኝቶ ነበር። የፖስታ ሳጥን 2915ን የተከራየው እርሱ ራሱ መሆኑ ተረጋገጠ። የጽሕፈት መርማሪዎች በኩፖኑና በፖስታው ላይ ያለው ጽሑፍ የእርሱ እጅ ነው አሉ። ኦስዋልድ ግን ከተያዘ ከሁለት ቀን በኋላ በፖሊስ ጣቢያው ምድር ቤት ውስጥ ጃክ ሩቢ በተባለ ሰው ተተኩሶበት ስለሞተ ስለዚህ ሁሉ የተጠየቀው ጥቂት ነው።

አንድ ነገር ግን አልገጠመም።

በመጽሔቱ ማስታወቂያ ላይ የተሣለው ጠመንጃ ርዝመቱ 36 ኢንች ነው፤ ወደ 91 ሳንቲ ሜትር። በመጋዘኑ የተገኘው ከ40 ኢንች ይበልጣል። ማስታወቂያው ክብደቱን ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ነው ይላል፤ የተገኘው ከነመነጽሩና ከነማንገቻው 3.6 ኪሎ ይመዝናል። ታዲያ የመጣው ሌላ ጠመንጃ ነው ወይስ የወጣው ወረቀት ስሕተት ነው? ነገሩ ሲጣራ መደብሩ በዚያው የካታሎግ ቁጥር ሥር አጭሩን ትቶ ባለ 40 ኢንቹን መላክ ጀምሮ ነበር፤ ሥዕሉ ግን አልተቀየረም። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ሥዕልን አምኖ ብረትን መጠራጠር ይመጣል። ቁጥሩ በብረቱ ላይም በመዝገቡም ላይ አንድ መሆኑ ነው ነገሩን የለየው።

በዚያች ሌሊት፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሩብ ሰዓት ሲቀረው፣ ጠመንጃው ለኤፍ ቢ አይ ባልደረባ ቪንሰንት ድሬን ተሰጥቶ በአውሮፕላን ወደ ዋሽንግተን ተጫነ። እዚያ የጠበቀው ሮበርት ፍሬዚየር የተባለ የጦር መሣሪያ መርማሪ ነበር። ፍሬዚየር ያደረገው ነገር በጣም ቀላል ነው፤ ውበቱም ያ ነው። ጠመንጃውን በመጽሐፍ ላይ ካሉ ሥዕሎች ጋር አስተያየ፤ ከዚያ የፋብሪካውን ስምና ቁጥሩን አነበበ። ከዚያ ወዲያ የጀመረው ሥራ አሮጌ ጠመንጃ የሚመረምር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሥራ ነው፤ የትኛው የመጀመሪያው ነው፣ የትኛው በኋላ የገባ ነው?

አፈሙዙና ቁጥሩ የቴርኒ ናቸው። በመቀርቀሪያው የኋላ ጫፍ ላይ “ሮካ” የሚል ስም ተመትቷል፤ ያንን ክፍል የሠራው ሰው ወይም ድርጅት ስም ነው፤ የጦርነት ጊዜ ፋብሪካ ሁሉን ነገር በራሱ አይሠራምና። ጥይቱን ያቀፈው ማቀፊያ “ኤስ ኤም አይ 952” ይላል፤ እሱም የጣልያን ነው። ጥይቱ ግን የጣልያን አይደለም፤ በአሜሪካ ኢሊኖይ የነበረው የዌስተርን ካርትሪጅ ኩባንያ ሥራ ነው። “ሜድ ኢታሊ” የሚለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ጠመንጃው ለውጭ ገበያ መውጣቱን ይናገራል፤ ወደ አሜሪካ የሚገባ ዕቃ የተሠራበትን አገር እንዲገልጽ ሕግ ያስገድዳልና። መነጽሩ ርካሽ የጃፓን ሥራ ነው፤ በላዩ ላይ የሆሊውድ ነጋዴ ስም ተጽፏል፤ ያጎላል አራት እጥፍ። እሱን የገጠመው የክላይንስ ሠራተኛ ነው፤ ብረቱን በስቶ በብሎን አሰረው።

ማንገቻው ደግሞ የጠመንጃ ማንገቻ እንኳን አይደለም። ፍሬዚየር ሲያየው የሙዚቃ መሣሪያ ወይም የካሜራ ቦርሳ ማንጠልጠያ ይመስላል አለ።

እንግዲህ አንድ ጠመንጃ የሚባለው ነገር የአራት ምድር ሰዎች እጅ የተገናኘበት ነበር፤ የቴርኒ ብረት፣ የኢሊኖይ ጥይት፣ የጃፓን መስታወት፣ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ቆዳ። በቦታው የተገኙት ሦስቱ ቀለሆች ግን ከዚህ ጠመንጃ እንጂ ከሌላ እንዳልወጡ ፍሬዚየርና ባልደረቦቹ በማጉያ መሣሪያ አስተያይተው አወቁ። መርፌው ቀለሁን ሲመታ የራሱን ጠባሳ ይተዋል፤ የመቀርቀሪያው ፊትም እንዲሁ። እንዲህ ያለ ጠባሳ ማንም ፋብሪካ ሆን ብሎ አያትመውም፤ ግን ከታተመው ቁጥር ይልቅ የጠመንጃው የራሱ ነው።

አሻራ ግን አልተገኘም። የኤፍ ቢ አይ የአሻራ ባለሙያ ሰባስቲያን ላቶና ጠመንጃውን በቅዳሜ ጧት መርምሮ ማንንም ለመለየት የሚበቃ አሻራ አላየሁበትም አለ።

ሌተና ዴይ ግን በዳላስ አንድ ነገር በእጁ ነበረው።

ጠመንጃው ወደ ዋሽንግተን ከመሄዱ በፊት፣ ዓርብ ማታ፣ ዴይ እንጨቱን ከብረቱ ፈትቶ ነበር። የአፈሙዙ የታች ገጽ፣ እንጨቱ ሲገጠም ጨርሶ የማይታየው ክፍል፣ ወደ ብርሃን ሲዞር የመዳፍ አሻራ የሚመስል ነገር ታየበት። ዱቄት ነሰነሰበት፤ ግልጽ ማጣበቂያ ለጠፈበትና ቀስ ብሎ ላጠው። በዚያ መካከል ሥራውን እንዲያቆምና ጠመንጃውን እንዲያስረክብ ከበላይ ታዘዘ። የተላጠው ማጣበቂያ በወረቀት ላይ ተለጥፎ እርሱ ዘንድ ቀረ፤ ወደ ዋሽንግተን የተላከው ከቀናት በኋላ ነው፤ የደረሰው በኖቬምበር 29 ነው። ላቶና አየው፤ የኦስዋልድ ቀኝ መዳፍ ነው አለ።

ግን ከየት የተነሣ መዳፍ? ጠመንጃው ሲመጣ አልታየበትም። ዘግይቶ የመጣ ወረቀት ላይ ነው የታየው። ከሌላ ነገር ላይ ተነሥቶ ቢሆንስ? ይህ ጥያቄ ለወራት ቆየ። ምርመራውን የያዘው የዋረን ኮሚሽን ዘገባውን ሊያስረክብ ሳምንታት ሲቀሩት እንኳ አልተመለሰም።

መልሱን የሰጠው የብረቱ ቁስል ነበር። አሮጌ የጦር ጠመንጃ አፈሙዝ፣ በተለይ እንጨት የሚሸፍነው ክፍሉ፣ እንደ ተወለወለ መስታወት አይደለም፤ በፋብሪካው ሞረድ የተላጨበት፣ ዝገት የበላው፣ የተጫረ ቦታ አለበት። አሻራው ሲላጥ እነዚህም ከአሻራው ጋር በማጣበቂያው ላይ ቀርተዋል። ባለሙያዎቹ የማጣበቂያውን ፎቶና የአፈሙዙን የታች ገጽ አጠገብ ለአጠገብ አድርገው ሲያዩ አምስት ጉድጓዶችና ጭረቶች በቦታቸው በቦታቸው ገጠሙ። ይህ የኤፍ ቢ አይ መልስ ለኮሚሽኑ የደረሰው በሴፕቴምበር 4 ቀን 1964 ነው። አሻራው ከዚያ ብረት እንጂ ከሌላ ቦታ አልተነሣም ነበር።

ኮሚሽኑ ዘገባውን በዚያው ወር አስረከበ። ተኩሱን የተኮሰው ኦስዋልድ መሆኑን፣ በዚህም ጠመንጃ መተኮሱን ደመደመ። ነገር ግን ያ በስድስተኛው ፎቅ የተባለ አንድ ቃል አልሞተም። ማውዘር ያለው ሰው ሐሳቡን ቢለውጥም፣ በዓይን ቅኝት ብቻ የተናገረው ስሕተት መሆኑን ቢያስረዳም፣ ሌላ ጠመንጃ ነበር፣ ተለውጧል የሚሉ ድምፆች ለዓመታት ቀጠሉ። ሰው በሐዘን ውስጥ ሲሆን የመጀመሪያዋን ቃል አጥብቆ ይይዛል፤ ይህን አልወቅሰውም።

በ1978 የተወካዮች ምክር ቤት ያቋቋመው ኮሚቴ ነገሩን እንደገና አነሣው። በዚያ ዓርብ ቀን በስድስተኛው ፎቅ ላይ ቶም አልዬያ የተባለ የቴሌቪዥን ካሜራ ባለሙያ ነበር፤ ዴይ ጠመንጃውን ሲያነሣ በፊልም ቀርጾታል። ሌሎችም ፎቶ አንሺዎች ዴይ ጠመንጃውን ከፍ አድርጎ በጽሕፈት ቤቱ መተላለፊያ በሰው መካከል ሲያልፍ አንሥተውታል። የኮሚቴው ባለሙያዎች እነዚያን ምስሎችና በመዝገብ ቤት ያለውን ጠመንጃ አነጻጸሩ። የተመለከቱት ቁጥሩን አልነበረም፤ በፎቶ ላይ ቁጥር አይነበብም። የተመለከቱት በፊተኛው እንጨት ላይ ያለች አንዲት የተቦረቦረች ቁስል ነበር። በ1963ቱ ምስልም በተቀመጠውም ጠመንጃ ላይ በዚያችው ቦታ፣ በዚያው ቅርጽ ትታያለች።

ከመገደላቸው ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በኦክቶበር 1963፣ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን በዋሽንግተን ተቀብለው አስተናግደው ነበር። በኖቬምበር 25 ቀን ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ከፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ከደጎል ጎን ሆነው አስከሬኑን ተከትለው በእግር ሄዱ። አገራቸው በ1928 ዓ.ም. በምን ጠመንጃ እንደተወረረች የሚያውቁ ንጉሥ፣ በዚያው ዘር ጠመንጃ የተገደለውን ወዳጃቸውን ሸኙ።

ጠመንጃው ዛሬ በሜሪላንድ ግዛት በኮሌጅ ፓርክ ከተማ በሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ መዝገብ ቤት ተቀምጧል፤ የተሰጠው የማስረጃ ቁጥር 139 ነው። ዘውዱ አለ፤ ቴርኒ አለ፤ 1940 አለ፤ ሲ2766 አለ። በሰደፉ እንጨት ላይ ደግሞ በፋብሪካ ያልተመታ፣ በስለት የተጫረ ሌላ ጽሑፍ አለ። ሌተናው ጠመንጃውን ከስድስተኛው ፎቅ ካነሣው በኋላ፣ ሌላ ቀን ቢያዩት እንዲያውቁት፣ የራሱን ስም ጭሮበታል፦ ጄ. ሲ. ዴይ።